ለአቡዬ የተሳለችው መኪናዬ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የጅቡቲ ባቡር አቃቂ ጣቢያ እየቆመ ሰውና ዕቃ አራግፎ በሚያልፍበት ዘመን ነው። ብዙ ዓመት ሆነው። ሰው ገጠመኝ ሲጽፍ ሽፍታ አስቁሞት፣ ጅብ አባሮት፣ ጎርፍ ወስዶት ነው። እኔ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ላብ በላብ የሆንኩት በአንዲት መኪና የተነሳ ነው። መኪናዋ ርዝመቷ ከመዳፌ አይበልጥም። እስከ ዛሬ ያልረሳሁት ግን በመኪናዋ ምክንያት ብቻ አይደለም።

ሳቁ ግድ የለም፤ ለምጄዋለሁ።

ያኔ አቃቂ ውስጥ አንድ ክር ፋብሪካ ጥገና ክፍል እሠራ ነበር። ቀን ማሽን እጠግናለሁ፣ ከሥራ ስወጣ ቤቴ ገብቼ መኪና እገጣጥማለሁ። የምላችሁ እውነተኛውን መኪና አሳንሰው ሠርተው በካርቶን አሽገው የሚሸጡትን ነው። ካርቶኑን ስትከፍቱት መኪና የለም። ያለው የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ነው። ኮፈኑ ለብቻ፣ ስፖርቴሎው፣ በሩን ማለቴ ነው፣ ለብቻ፣ ሞተሩ ራሱ ብትንትኑ ወጥቶ ነው የሚመጣው። እሱን በምላጭ እየቆረጡ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሱ፣ በወረንጦ እየያዙ ማጣበቅ ነው። መመሪያው በፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳይኛ አላውቅም፣ ግን ሥዕል ማየት ማንም አልከለከለኝም።

ካርቶኖቹን የሚያመጡልኝ ጎረቤታችን ጋሽ ኃይሌ ነበሩ። የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ናቸው። ጅቡቲ ደርሰው ሲመለሱ የሰፈሩ ሰው ሽቶ፣ ሳሙና፣ ሱሪ ያዛቸዋል። እኔ የማዛቸው የፕላስቲክ ስብርባሪ ነው።

አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ ጉምሩኮቹ ይሄን ሲያዩ ለልጅ ልጅዎ ነው ወይ ይሉኛል። አዎ እላለሁ። ጺም ላወጣ ጎረምሳ ነው ብላቸው እኔንም አንተንም አማኑኤል ነው የሚልኩን» አሉኝ።

የሰፈራችን ሰው ደግሞ ለምክር አይሰስትም። «ታዴ፣ እስቲ ሳሪስ ድረስ ጫነን!» ይለኛል አንዱ። «ነዳጁን በማንኪያ ነው የምትሞላላት?» ይላል ሌላው። ደመወዙን ተቀብሎ በሁለት ቀን ጠላ ቤት የሚጨርሰው ጎረቤታችን እንኳ እኔን ባየ ቁጥር አዝኖ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ሰካራም ሲያዝንላችሁ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ከሠራኋቸው ሁሉ የምሳሳላት ቀይዋን ነበር። ያቺ ድሮ አዲስ አበባን ሞልታ የነበረችው፣ ክብ ክብ የምትለው ትንሿ የጣሊያን መኪና ናት። ከጅቡቲ ስትመጣ አንድ ጎማ ጎድሏት ነበር። ጋሽ ኃይሌ በሄዱ ቁጥር ባለሱቁን ሲነዘንዙት ከርመው ከወራት በኋላ ጎማዋን በመሐረብ ቋጥረው አመጡልኝ። ቀለሟ የጥፍር ቀለም ነው፤ ሌላ ከየት ይመጣል? ሱቅ ገብቼ ስገዛ ሻጯ ልጅ ፈገግ ብላ፣ «ለእጮኛህ ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ኮፈኗን ልቀባላት ነው ብላት ምን ልትል እንደምትችል እያሰብኩ ወጣሁ።

ኮፈኗ ይከፈታል። ውስጡ ሞተር አለ። የሞተሩን ሽቦዎች ከፋብሪካ በተጣለ ክር ነው የሠራኋቸው። አንዲት ሽቦ ለማስገባት ትንፋሼን ይዤ የዋልኩበት እሑድ አለ።

በዚያ ዓመት ከገና በኋላ ታይፎይድ ጣለኝ። ትኩሳቱ ራሴን አሳተኝ። እናቴ እንደነገረችኝ ከሆነ ስቃዥ የምጮኸው፣ «ጎማዋን! ጎማዋን አትርገጡባት!» እያልኩ ነበር። የሚሞት ሰው እናቱን ይጠራል፣ እግዜርን ይጠራል። እኔ ጎማ እጠራለሁ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፣ ወንድም እህት የለኝም። ያን ሁሉ ቀን አጠገቤ ቁጭ ብላ የሰማችኝ እናቴ ብቻ ናት።

ዳንኩ። ሐኪሙ መድኃኒቱ ነው አለ። እናቴ አቡዬ ናቸው አለች። እኔ ለሁለቱም አመስግኜ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ።

የመጋቢት አቦ ዋዜማ ዕለት ከሥራ ስገባ መደርደሪያው ላይ መኪናዋ የለችም። ዞር ስል ጠረጴዛው ላይ በአዲስ ነጭ መሐረብ ተጠቅልላ፣ ከጧፍ አጠገብ እንደ ሙሽራ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ነገ አቦ አይደል? ስለቴን ላስገባ ነዋ።»

«የምን ስለት?»

«ያንተ ነዋ! አቡዬ ልጄን ብታተርፍልኝ ያቺን የሚወዳትን መኪና ይዤልህ እመጣለሁ ብዬ ተስዬ አልነበር።»

«ሰው ጃንጥላ ይሳላል። ሻማ ይሳላል። በግ እንኳ አለ!» አልኳት።

«አንተ ጃንጥላ ትወዳለህ?»

«እማዬ፣ የሰው ንብረት እኮ ነው የተሳልሽው!»

«የሰው? አንተ ለኔ ሰው ነህ?» ብላ አፈጠጠችብኝ። ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «ስለቱን ከልክለህ ያ ትኩሳት ተመልሶ ቢነሳብህ እኔ ምን ይውጠኛል?» አለችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ከዚህ በላይ የሚከራከር ልጅ ካለ ይከራከር። እኔ ወደ አልጋዬ ሄድኩ።

ግን ብልህ ነኝና ሌሊቱን ዘዴ አወጣሁ። በአቦ የንግሥ ዕለት ለስለት የገባው ዕቃ ሁሉ ከቅዳሴው በኋላ ለጨረታ ይቀርባል። ምእመኑ ይጫረታል፣ ገንዘቡ ለቤተ ክርስቲያኑ ይሆናል። እናቴ ስለቷን ታስገባለች፣ እኔ ደግሞ በሕጋዊ መንገድ መኪናዬን እገዛለሁ። ደመወዝ ተቀብያለሁ። በዚህ አገር ይቺን መኪና የሚፈልግ እብድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ሳሪስ አቦ ሄድን። ሕዝቡ መርፌ ቢጥሉ መሬት አይወርድም። እናቴ መሐረቡን ፈትታ መኪናዋን ለሰበካው ሽማግሌ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ገልብጠው ሆዷን አዩ።

«የሕፃን መጫወቻ ነው?» አሉ።

«የለም አባቴ፣ የልጄ ነው።»

«ስንት ዓመቱ ነው ልጅሽ?»

«ሃያ ስድስት» አለች እናቴ ኮራ ብላ። እኔ ከአንድ ረጅም ሰውዬ ጀርባ ሄድኩ።

ጨረታው የተጀመረው ታቦቱ ከገባ በኋላ ነው። እኒያው ሽማግሌ የድምፅ ማጉያ ይዘው ዛፍ ሥር ቆሙ። ጃንጥላው ተሸጠ፣ ምንጣፉ ተሸጠ፣ ማሩ ተሸጠ። ከዚያ መኪናዬን በአንድ ስፖርቴሎዋ አንጠልጥለው ወደ ላይ አነሷት። ያን ስፖርቴሎ ያጣበቅኩት ሁለት ጊዜ ነው።

«ይቺን ተመልከቱልኝ!» አሉ። «ነዳጅ አትጠጣ! ጋራዥ አትገባ! ትራፊክ አያስቆማት! ማን ይጀምርልኛል ለአቡዬ?»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። እኔ እጄን አውጥቼ ጀመርኩ። ማንም አልጨመረም። «አንደኛ!» አሉ ሽማግሌው። ልቤ ጮቤ ረገጠች። «ሁለተኛ!»

«እጥፉን!» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ ከኋላ።

ዞር ስል አቶ ሽብሩ ናቸው። አቃቂ በሰቃ ሰፈር የታወቁ የእህል ነጋዴ ናቸው። የሚሸጠው ምን እንደሆነ እንኳ አላዩም፤ አንገታቸውን ሳያዞሩ ነው እጥፍ ያሉት። ጨመርኩ። ጨመሩ። ጨመርኩ። ሲሰለቻቸው አንድ ከባድ ዋጋ ጠሩና ዝም አሰኙኝ።

«ወሰዱ!» ተባለ። እልልታው ቀለጠ። ያቺ መኪና የእህል መጋዘን ውስጥ ጤፍ ላይ ተንጋላ ታየችኝ።

አቶ ሽብሩ ግን ባርኔጣቸውን አነሱና፣ «ለአቡዬ መልሻለሁ! እንደገና ይሸጥ!» አሉ።

ይህ የታወቀ ልማድ ነው። ጨረታ ያሸነፈ ሰው ገንዘቡን ይከፍልና ዕቃውን መልሶ ይሰጣል። ዕቃው እንደገና ይሸጣል። የዚያ ሰው በረከቱም ዝናውም እጥፍ ይሆናል። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አንድ ጃንጥላ ደጋግሞ ሲሸጥ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። ያ ሁሉ ብልሃቴ ይህን አንዲት ነገር ዘንግቶ ኖሯል! ለካ በሰው ጃንጥላ ማጨብጨብና በራስ መኪና ማጨብጨብ ለየቅል ነው።

ሁለተኛው ዙር ተጀመረ። አሁን ሕዝቡ መኪናዋን በቅርብ ልያት ብሎ ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላታል። የፊት ግጭት መከላከያዋ፣ ፓራውልቱ፣ ወለቀ። አንዱ አንስቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ወረወረው። ስፖኪዮዋም ሄደች። አላስቻለኝም።

«በሆዷ ያዟት!» ብዬ ጮህኩ። «በስፖርቴሎዋ አይደለም! በሆዷ!»

አጠገቤ የቆመች ሴትዮ አማተበች። «በስመ አብ! ይሄ ልጅ እየለፈለፈ ነው» አለችና ከያዘችው ጠርሙስ ጠበል ፊቴ ላይ ቸለሰችብኝ። ተመስገን፣ መኪናዋን አልነካትም።

ያን ዙር አንድ የተሳቢ መኪና ሹፌር አሸነፈ። ኮፈኗን ሳመና፣ «የአዋሽን ቁልቁለት በሰላም ያወረዱኝ አቡዬ፣ መልሻለሁ!» አለ። እልልታ። እኔ ጠበሌን ከፊቴ እየጠረግኩ እንደገና እጄን አወጣሁ።

በሦስተኛው ዙር ቁርጤን አወቅኩ። ኪሴ ውስጥ ያለችውን ሙሉ ደመወዝ ጠራሁ። የወሩ አስቤዛ፣ የቤት ኪራይ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። አቶ ሽብሩ አሁን ገና ዞር ብለው አዩኝ። ልብሴ በጠበል ርሷል፣ ፊቴ ገና የታይፎይድ ቀለሙን አልለቀቀም።

«ልጄ፣ አቡዬ ምን አድርገውልህ ነው?» አሉኝ።

«ከሞት አትርፈውኛል» አልኳቸው። ውሸት አልነበረም።

«በል እንግዲያው፣ ላንተ ለቀቅኩ።»

«አንደኛ! ሁለተኛ! ሦስተኛ! ወሰደ!»

መኪናዬ እጄ ገባች። ፓራውልት የላትም፣ ስፖኪዮ የላትም፣ አንድ ስፖርቴሎዋ ተንጠልጥሏል። ግን የኔ ናት! እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ አስጠጋኋት። ቀና ስል ሽማግሌው የድምፅ ማጉያውን አፌ ላይ ደቅነዋል።

«እህሳ፣ ወንድማችን ምን ይላል?»

ሕዝቡ ሁሉ እያየኝ ነው። ነጋዴው መልሰዋል፣ ሹፌሩ መልሷል። እናቴን በዓይኔ ፈለግኋት። ከሴቶቹ መሀል ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ትከሻዋን እየነኩ፣ «ልጅሽ ነው? ምን ያለ የተባረከ ልጅ ነው የወለድሽው!» ይሏታል። በዚያ ሰፈር እናቴ ስለ እኔ «አይዞሽ፣ አንድ ቀን ልብ ይገዛል» ሲሏት እንጂ የተባረከ ሲሏት ሰምታ አታውቅም።

«መልሻለሁ» አልኩ።

ድምፄ ከማጉያው ወጥቶ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። እልልታው ሰማይ ነካ። በአንዲት ቃል ደመወዙንም መኪናውንም ያጣ አንባቢ ካለ እባካችሁ ይጻፍልኝና ጓደኛሞች እንሁን።

ሽማግሌው ለአራተኛ ጊዜ መኪናዋን ከፍ አደረጉ። ሕዝቡ ደክሞታል፣ ፀሐዩም በርትቷል። «ማን ነው ለአቡዬ?» ሲሉ ከሴቶቹ በኩል ቀጭን ድምፅ «እኔ!» አለ።

እናቴ ናት።

ከሕዝቡ መሀል ወጥታ መቀነቷን መፍታት ጀመረች። የመቀነቷን ቋጠሮ ሳይ ደነገጥኩ። ያን ገንዘብ አውቀዋለሁ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ለቁልቢ ገብርኤል ጉዞ ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቀመችው ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሐዲድ ሲያጠብቅ የኖረ ሰው ነው። እሷ ግን በዚያ ሐዲድ ከለገሃር አልፋ የትም አልሄደችም። በባቡር ድሬዳዋ ወርጄ፣ ከዚያ ቁልቢ ወጥቼ ብሞት አይቆጨኝም ትል ነበር።

«እማዬ፣ ተይ!» ብዬ ሰውን እየገፋሁ ወደ እሷ ሄድኩ። «ተይ እማዬ፣ አልፈልጋትም!»

«ዝም በል፣ እየተጫረትኩ ነው» አለችኝ።

ቋጠሮዋን እንዳለ ለሽማግሌው ዘረጋች። «ያለኝ ይሄ ነው» አለች። አቶ ሽብሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬት ያያሉ። አንድም ሰው አልጨመረባትም።

«ወሰዱ እናታችን!» አሉ ሽማግሌው። የድምፅ ማጉያውን እንደ ልማዳቸው አቀረቡላት። «እህሳ፣ ምን ይላሉ?»

«ምን እላለሁ? ይዣት እሄዳለሁ እንጂ!» አለች እናቴ።

ሽማግሌው ግራ ገባቸው።

«ስለቴን አስገብቻለሁ፣ አቡዬም ያውቁታል። ይቺን ግን አሁን በገንዘቤ ገዛኋት» ብላ መኪናዋን በነጠላዋ ጠቀለለችና በሕዝቡ መሀል መንገድ ጀመረች። መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ እልልታው መጣ። አቶ ሽብሩ ካገኙት እልልታ ይበልጥ ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። «የቁልቢሽን ገንዘብ እኮ ነው የሰጠሽው» አልኳት።

«ቁልቢም ብሄድ ለታቦት ነበር የምሰጠው። እዚህም ታቦት ነው የወሰደው።»

«ግን ለምን?»

ዞራ አላየችኝም፣ በመስኮት ወደ ውጭ ነው የምታየው። «መልሻለሁ ስትል ፊትህን አየሁት። ያን ጊዜ በትኩሳቱ የነበረው ፊትህ ነው። ምን ላድርግ? ደግሞ ሁለተኛ ልሳልልህ?» አለችኝ።

አውቶቡስ ሙሉ ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

ቤት እንደደረስን መኪናዋ ይሰጠኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ጅል! እናቴ ቡፌው ውስጥ ብርጭቆዎቹ መሀል ዳንቴል አንጥፋ አስቀመጠቻትና ቆለፈችባት። «ስፖርቴሎዋን እንኳ ላጣብቅላት» ስላት፣ «እጅህን ታጥበሃል?» አለችኝ። በገዛ እጄ የሠራኋትን መኪና ለመጠገን ሳምንት ሙሉ ደጅ ጠናሁ። ፈቃዱ ሲገኝም እሷ ቆማ እያየች ነው።

ቁልቢን ለከርሞ አለች። ከርሞ ጣሪያው አፈሰሰ። በሌላው ዓመት እኔ አገባሁ፣ ቀጥሎ ልጅ ተወለደ። እንዲህ እንዲህ እያለ ያ ባቡር ቆመ። በአውቶቡስ ልውሰድሽ አልኳት፣ «እኔ የተመኘሁት በባቡር ነው» አለችኝ። አዲሱ ባቡር ሥራ ሲጀምር ደግሞ ጉልበቷ ከዳት። እኔ ዛሬም መኪና እገጣጥማለሁ፤ አሁን የሚያሾፉብኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው።

አሁን ገላን ኮንዶሚኒየም አብረን ነው የምንኖረው። ቡፌውም አብሮን መጥቷል። ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ያቺን ቀይ መኪና ከብርጭቆዎቹ መሀል ሲያይ፣ «እማማ፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ብሎ ይጠይቃል።

«ይቺማ ቁልቢ የሄድኩባት መኪና ናት» ትለዋለች።

እንግዳው እርጅና መስሎት በአዘኔታ ያየኛል፣ ወይም ይስቃል። እናቴም አብራው ትስቃለች። በነገር ሁሉ ላይ አሾፋለሁ፤ ያኔ ግን ተነስቼ ጓዳ እገባለሁ።